ጓርኒሲዮኑን የሚመርጠው ፒስተኑ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ 3ኤል የሚባል የቶዮታ የናፍጣ ሞተር ያለው ዶልፊን ሚኒባስ አለው፣ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል ይሠራበታል። ከሮቢት ሙሉ ሰው ጭኖ ሲመለስ ጣርማ በር ዳገት ላይ ሞተሩ ሞቀ፣ ውሃ ገፋ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (በሞተር ብሎኩና በላይኛው ክዳን በቴስታታው መካከል ታስሮ ግፊትና ውሃ የሚያፍነው ሉህ) ተቃጠለ። ቴስታታው አዲስ አበባ ተልኮ ፊቱ 0.2 ሚሊሜትር ተልጎ (ተፍቆ ተስተካክሎ) መጣ። አንዱ መካኒክ «ቴስታታው ስለተላገ ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል፣ ወፍራሙን ጓርኒሲዮን አስገባ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ደብረ ብርሃን ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ሳይበላሽም ኮምፕሬሽኑ ሲለካ 23 ኪሎ ብቻ ነበር፣ ቀጭኑን አድርግ» ይለዋል። የማንን ልስማ ነው የሚለው።

ወንድሜ፣ የሁለቱንም ተወው። ሁለቱም ክፋት አስበው አይደለም፤ ግን አንዱ ቴስታታውን፣ ሌላው አገሩን እያየ ነው የሚመርጥልህ። በናፍጣ ሞተር ላይ የጓርኒሲዮን ውፍረት የሚወሰነው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከሞተር ብሎኩ ፊት በላይ ስንት ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው። ሌላ መምረጫ የለውም።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። 3ኤል ፒስተኑ 96 ሚሜ ስፋት፣ 96 ሚሜ ምት (ከታች እስከ ላይ የሚጓዘው ርዝመት) አለው፤ አራቱ ሲሊንደር ተደምሮ 2,779 ሲሲ ይሆናል። አንዱ ሲሊንደር ወደ 695 ሲሲ ገደማ ነው። ኮምፕሬሽን ሬሾው (አየሩ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ) 22.2 ለ 1 ስለሆነ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ለአየሩ የሚቀርለት ቦታ 33 ሲሲ እንኳ አይሞላም፤ የቡና ሲኒ ግማሽ በለው። አብዛኛው ቦታ ያለው ቴስታታው ውስጥ በተቀመጠችው የማቃጠያ ክፍልና በፒስተኑ ራስ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የቀረው በፒስተኑ ራስና በቴስታታው ፊት መካከል ያለችው ክፍተት ናት። ጓርኒሲዮኑ የሚወስነው ይህችን ክፍተት ብቻ ነው።

ቶዮታ ለዚህ ሞተር ሦስት ደረጃ ጓርኒሲዮን አዘጋጅቷል፤ ጠርዙ ላይ ቢ፣ ዲ ወይም ኤፍ የሚል ፊደል ተመትቶበታል። ቢ ከ1.40 እስከ 1.50፣ ዲ ከ1.50 እስከ 1.60፣ ኤፍ ከ1.60 እስከ 1.70 ሚሜ ነው፤ ይህ ታስሮ ከተጫነ በኋላ ያለው ውፍረት ነው። ፒስተኑ ብቅ የሚልበት ልክ ከ0.68 እስከ 0.97 ነው፤ እሱም በሦስት ይከፈላል፦ እስከ 0.77 ድረስ ቢ፣ ከ0.78 እስከ 0.87 ዲ፣ ከ0.88 በላይ ኤፍ። አሁን መሃል መሃሉን ወስደህ ቀንስ። 1.45 ሲቀነስ 0.725፣ 1.55 ሲቀነስ 0.825፣ 1.65 ሲቀነስ 0.925። ሦስቱም ያው 0.725 ይሰጡሃል። ያዘጋጃቸው መሐንዲስ ለአንተ ምርጫ ሊሰጥህ አልፈለገም። ብሎኩ ሲቆረጥ፣ ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ሲሠራ፣ ፒስተኑ ሲሠራ የሚፈጠረውን ጥቃቅን ልዩነት ጓርኒሲዮኑ እንዲያቻችልና ክፍተቷ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንድትሆን ነው። «ወፍራምና ቀጭን» ተብሎ እንደ ጫማ ቁጥር የሚመረጥ ነገር አይደለም።

ከልኩ ስትወጣ ምን ይሆናል? 0.1 ሚሜ ስትጨምር በእያንዳንዱ ሲሊንደር 0.7 ሲሲ ገደማ ይጨመራል፤ ሬሾው ከ22.2 ወደ 21.7 ይወርዳል። ቢ የሚገባውን ሞተር ኤፍ ብታደርግበት ወደ 21.3 ይወርዳል። ኤፍ የሚገባውን ቢ ብታደርግበት ደግሞ ወደ 23.2 ይወጣል፤ ክፍተቷም ከ0.7 ወደ 0.5 ሚሜ ትጠባለች። ቁጥሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ ሲፈጥን ቢዬላው ይሳባል፣ የቢዬላና የባንኮ ኩሽኔታ (ቢዬላውና ክራንኩ የሚዞሩበት ተሸካሚ) ክፍተት ይጨመርበታል፣ የፒስተኑ ራስ ላይ ጥቀርሻ ይቆለላል። ያ ሁሉ ከ0.5 ላይ ተቀንሶ ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ መጀመሪያው መካኒክ ምክር። «ቴስታታ ሲላግ ኮምፕሬሽን ይጨምራል» የሚለው በቤንዚን ሞተር እውነት ነው። በኮሮላ ቤንዚን የማቃጠያው ጉድጓድ ቴስታታው ላይ ስለተቀረጸ ፊቱን በላግህ ቁጥር ጉድጓዱ ይጎድላል። የ3ኤል ቴስታታ ግን ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋን ብትልገው ጠፍጣፋ ነው የሚሆነው፤ በጓርኒሲዮኑና በፒስተኑ መካከል ያለው ልኬት አይነካም። ለውጥ የሚመጣው ቫልቮቹ የተቀመጡባት ጥቂት ጉድጓድ ስለምትቀንስ ብቻ ነው፤ እሷም ሴዲያው (የቫልቩ መቀመጫ) እንደገና ከተቆረጠ ትመለሳለች። አይሱዙ ቅጥቅጥ ያላችሁም ይህን ያዙ፤ እዚያም የማቃጠያው ጉድጓድ ፒስተኑ ራስ ላይ ነው፣ ቴስታታው ጠፍጣፋ ነው። ልዩነቱ እዚያ ኢንጄክተሩ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ስለሚረጭ ቴስታታው ሲላግ አፍንጫው ወደ ታች ይበልጥ ይወጣል፤ የመዳብ ቀለበቱን ውፍረት አስተካክሎ መመለስ ያስፈልጋል።

እንዲያውም የቶዮታ ማኑዋል ለዚህ ዓይነት ቴስታታ የመጣመም ገደብ ይሰጥና ካለፈ «ቀይር» ነው የሚለው፣ «ላግ» አይልም። እኛ አገር የአዲስ ቴስታታ ዋጋ ስለሚታወቅ እንልጋለን፤ እኔም እልጋለሁ። ግን የተላገ ቴስታታ ሲመጣልህ ስለ ጓርኒሲዮን ከመጨነቅህ በፊት እነዚህን እይ። ቫልቮቹ ከፊቱ ወደ ውስጥ ስንት እንደገቡ በጥልቀት መለኪያ ለካ። ከፊቱ ጋር እኩል ከሆኑ ወይም ከወጡ ሴዲያውን አስቆርጠህ መልሳቸው፤ ፒስተን ይመታሉ። ወፍራም ጓርኒሲዮን ከዚህ ያድናል የሚሉ አሉ፤ ያድናልም፣ ግን የቫልቩን ችግር ለመሸፈን ሬሾውን ትሸጣለህ። ከዚያ በየሲሊንደሩ ያለችውን የማቃጠያ ክፍል ክዳን እይ፤ ክብ የብረት ቁራጭ ናት፣ በእሳት የጠቆረች፣ መሃሏ ላይ የእሳት መውጫ ቀዳዳ ያላት። ጣትህን በዳርቻዋ ላይ ስታሳልፍ ጥፍርህን የሚይዝ ከንፈር ካለ ችግር አለ። ከቴስታታው ፊት ከወጣች የጓርኒሲዮኑ የእሳት ቀለበት ላይ ተቀምጣ እሱ ብቻ ሸክም ይሸከማል፤ ከገባች ደግሞ እሳት ያንን ጎን ይልሳል። ስትነካት የምትንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወሬ አያስፈልግም፣ መልሰህ ላከው። በቫልቮቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በዓይን ብቻ አትመን፤ በውሃ ግፊት ይፈተሽ፣ እንደ ጣርማ በር ያለ ዳገት ላይ የሞቀ ቴስታታ ሳይፈተሽ መታሰር የለበትም።

ሁለተኛው ምክር ይበልጥ ያጓጓል፤ ምክንያቱም ውስጡ እውነት አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 71 በመቶ ያህል ነው። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ትወርዳለች፤ እዚያ 86 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ሞተር በማኑዋሉ የተጻፈው ጤነኛ ኮምፕሬሽን 32 ኪሎ በካሬ ሳንቲሜትር ነው፣ ዝቅተኛው 20። ግን 32 የሚባለው በባሕር ወለል አየር ነው። አየሩ ገና ሲገባ 71 በመቶ ብቻ ከሆነ ተጨምቆም የሚደርሰው በዚያው ልክ ነው፤ ስሌቱ 22 ወይም 23 ይሰጣል። ያንተ 23 ማለት እንግዲህ ሞተርህ ለደብረ ብርሃን ሙሉ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። ያንኑ ሞተር፣ ያንኑ ጌጅ ይዘህ ሮቢት ብትለካው 27 አካባቢ ታነባለህ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልተሻለም፣ አየሩ ነው የወፈረው። እዚህ ከተማ «ኮምፕሬሽን የለውም» ተብሎ ያለ ምክንያት ሙሉ ፋሻ የተቀየረለት ሞተር ጥቂት አይደለም፤ ይህን ስጽፍ ያናድደኛል። ከፍታ ላይ ስትለካ ከፍተኛውን ቁጥር ሳይሆን በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከት። 23፣ 22.5፣ 23፣ 16 ከሆነ አራተኛው ነው የታመመው።

ቀጭን ጓርኒሲዮን ስሱን አየር ያወፍረዋል? አያወፍረውም። ፒስተኑ የሚስበው አየር መጠን ያው ነው፤ ያነሰ አየር ያነሰ ናፍጣ ነው የሚያቃጥለው። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲህ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ዶልፊን የሚፈልገው የናፍጣ ፖምፓው እንዲስተካከልለት ነው፤ ቀጭን ጓርኒሲዮን ጭሱን አያጠራውም። የጠዋት መነሻስ? ናፍጣ የሚቀጣጠለው በተጨመቀው አየር ሙቀት ነው፣ ሙቀቱን የሚሰጠው ደግሞ ሬሾው ነው። 0.1 ሚሜ ቀጭን ብታደርግ በጭመቃው መጨረሻ የሚገኘው ትርፍ ከ10 ዲግሪ በታች ነው። በሌላ በኩል የኅዳር ውርጭ ላይ 3 ዲግሪ አየር ስቦ የሚነሳ ሞተር፣ ሮቢት በ28 ዲግሪ ከሚነሳው ጋር ሲነጻጸር፣ የመግቢያው የ25 ዲግሪ ልዩነት በጭመቃው መጨረሻ ወደ 75 ዲግሪ ያድጋል፤ ጭመቃው ሙቀቱን በግምት ሦስት እጥፍ ስለሚያደርገው። ስለዚህ ለደብረ ብርሃን ጠዋት የሚሠሩት ካንዴላዎች (ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን የሚያሞቁት)፣ ባትሪና ጥሩ የሚዞር ሞተሪኖ (ማስነሻ) ናቸው። አራቱንም ካንዴላ አውጥተህ ፈትሽ፤ አንዷ ሞታ ከሆነ ቀጭን ጓርኒሲዮን የማይሰጥህን እሷን መቀየር ይሰጥሃል።

እንግዲህ መለካቱ። ዳያል ጌጅ (በመርፌ የሚያሳይ ረቂቅ መለኪያ) እና ማግኔት መቆሚያ ያስፈልግሃል፤ ከሌለህ የሚያውስ ጋራዥ ፈልግ። በደረጃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት 0.1 ብቻ ስለሆነ በማስመሪያና በፊለር ጌጅ ግምት አይሆንም። የብሎኩን ፊት ከጓርኒሲዮን ቅሪት አጽዳ፤ ቢላ ተጠቀም፣ የሽቦ ብሩሽ በድሪል አትጠቀም፣ ይቧጥጠዋል። የፒስተኑን ራስም ጌጁ የሚያርፍበትን ቦታ ከጥቀርሻ አጽዳ። የጌጁን ጫፍ ብሎኩ ላይ አሳርፈህ ዜሮ አድርግ። ከዚያ ሳትነቅለው ወደ ፒስተኑ ራስ አሻግረው፣ ክራንኩን በእጅ ወደ ሥራው አቅጣጫ በቀስታ አዙር፤ መርፌዋ ሄዳ ሄዳ ቆማ መመለስ ስትጀምር ጫፉን አገኘህ፣ ከፍተኛውን ቁጥር ጻፍ። በአንድ ፒስተን ላይ ሁለት ቦታ ለካ፤ በሞተሩ ፊትና ኋላ አቅጣጫ፣ ማለትም የፒስተኑ ፒን በተኛበት መስመር ላይ። በጎንና ጎን ከለካህ ፒስተኑ ይወዛወዛል፣ አንዱ 0.90 ሌላው 0.74 ይሰጥሃል፣ ሁለቱም ውሸት ነው። በፒኑ መስመር ላይ የለካሃቸውን የሁለቱን ቦታዎች አማካይ ያዝ። አራቱንም ፒስተን እንዲህ ከለካህ በኋላ አማካያቸውን አትውሰድ፤ የትልቁን ነው የምትይዘው። 0.79፣ 0.81፣ 0.80፣ 0.84 ካገኘህ 0.84 ነው፤ ዲ ማለት ነው።

አንዱ ፒስተን ከሌሎቹ በ0.15 ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጓርኒሲዮን አትምረጥ፣ መጀመሪያ ያንን መርምር። በተለይ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሞተሩ ሲነሳ ቢዬላ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ቢዬላ ያጥራል፣ ፒስተኑንም ወደ ታች ይይዛል።

ልኩን ከነጭራሹ ሊለውጥ የሚችለው ከቴስታታው በታች የተሠራ ሥራ ነው። ብሎኩ ተልጎ ከሆነ ፒስተኑ ይበልጥ ብቅ ይላል። ፒስተን ተቀይሮ ከሆነ ከፒን እስከ ራስ ያለው ቁመት ከሠሪ ሠሪ ይለያያል። ክራንኩ ሬቲፊካ ሲደረግ (ተፍቆ ሲስተካከል) ማዕከሉ ትንሽ ከተንሸራተተ ምቱ ይለወጣል። ያንተ ሞተር ታች ካልተከፈተ የወጣው ጓርኒሲዮን ላይ ያለው ፊደል መልሱን ይዞታል። ተቃጥሎም ቢሆን ጠርዙን በናፍጣ እጠበው፣ ፊደሉ ይታያል። እኔ ግን በዚህም አላምንም፤ ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው ያገኘውን አስገብቶበት ሊሆን ይችላል። ለካ፣ ከዚያ ከፊደሉ ጋር አወዳድር።

የገበያው ነገር ሌላ ጣጣ ነው። ሙሉ የጓርኒሲዮን ኪት ገዝተህ ከሆነ ውስጡ ያለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን የትኛው ደረጃ እንደሆነ ሳትጠይቅ አትውሰድ፤ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራም ሆነ እዚህ «የ3ኤል ነው» ብሎ መስጠት እንጂ ፊደል የሚጠይቅ ሻጭ ብዙም አታገኝም። ፊደል ከሌለው ካሊፐር ይዘህ የአዲሱን ውፍረት ብትለካ ያሳስትሃል፤ ሳይታሰር ወፍራም ነው፣ ሲታሰር ይጨመቃል። አሮጌውን የምትለካ ከሆነ በሲሊንደሩ ዙሪያ ያለውን የተጫነ ቦታ ለካ። ልክህ ዲ ሆኖ ዲ ካጣህ ኤፍ አድርግ፤ ሬሾው በግማሽ ነጥብ ዝቅ ይላል፣ ጠዋት ካንዴላውን ትንሽ ታስጠብቀዋለህ፣ ሞተሩ ግን አይጎዳም። ወደ ቀጭኑ ግን አትሂድ። ሁለት ጓርኒሲዮን ደርቦ ማሰር ወይም ከሥሩ የመዳብ ቆርቆሮ ማድረግ የሚባለውን አትሞክረው። እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፣ ጣርማ በር ሳትደርስ ትመለሳለህ።

ማሰሩ ላይ ብዙ አልልህም፤ መካኒክህ ያውቃል። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ውሃም ዘይትም አይቅር፤ ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል። የቡሎኑን ጥርስ ዘይት ቀባው፣ ጓርኒሲዮኑን ግን ምንም አትቀባው፣ ሲሊኮን የሚሉትንም። ከመሃል ወደ ዳር እየተሻገርክ በመጀመሪያ 78 ኒውተን ሜትር፣ ቀጥሎ ሁሉንም 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ አዙር። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዙሮች በፊት የእያንዳንዱን ቡሎን ራስ ፊት ለፊት በቀለም ምልክት አድርግበት፤ በመጨረሻ ሁሉም ወደ ኋላ ካላዩ የረሳኸው አለ።

ዋናው ግን ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለው ሞተሩ ስለሞቀ ነው፤ የሞቀበትን ሳታገኝ ብታስረው ያው ዳገት ላይ ያው ይደርስብሃል። እዚህ ከፍታ ላይ ክዳን የሌለው ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ቴርሞስታቱ ግን መከፈት የሚጀምረው በ82 ወይም በ88 ነው። ሞተርህን ከመፍላት የሚያድነው እንግዲህ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ለሮቢት ይበቃ ይሆናል፣ ጣርማ በር ላይ አይበቃም። ክዳኑን ቀይር፣ ራዲያተሩን አስከፍተህ አስጠርግ፣ የፋኑን ክላች ሞተሩ ሞቆ እያለ ተመልከት። ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሎ ከሆነም መልሰህ አስገባው፤ ያለ እሱ ሞተሩ ጠዋት ሳይሞቅ ነው ደብረ ሲና የሚደርሰው።